ምዕራፍ ሰባት፦ አንድ ግድግዳ፣ ሰማንያ እጅ

ሎስ አንጀለስ ወንዝ እንዳላት የማያውቅ የከተማዋ ነዋሪ ብዙ ነው። አይፈረድበትም። ከ1938ቱ ትልቅ ጎርፍ በኋላ የአሜሪካ ጦር የምሕንድስና ክፍል ወንዙንም ገባሮቹንም በኮንክሪት ቦይ ውስጥ ከቷቸዋል (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። በበጋ ቦዩ ውስጥ ያለው ውሃ እግር የሚያርስ አይደለም። ዝናቡ በታኅሣሥና በጥር ሲመጣ ግን ያገኘውን ሁሉ ጠርጎ የሚሄድ ደራሽ ይሆናል።

ከገባሮቹ አንዱ ቱሁንጋ ዋሽ ይባላል። በ1974 ይኸው የምሕንድስና ክፍል የቦዩን ዳርቻ ማስዋብ ፈልጎ ጁዲት ባካ የምትባል፣ የሃያዎቹን ዕድሜ ገና ያልጨረሰች ሠዓሊ አነጋገረ። ባካ ወርዳ አየችው። ያየችው የሲሚንቶ ግድግዳ ሳይሆን በመሬት ላይ የቀረ ጠባሳ ነበር፤ ሥዕሉን ደግሞ በጠባሳው ላይ እንደሚወቀር ንቅሳት አሰበችው። ዛሬ የሎስ አንጀለስ ታላቁ ግድግዳ የሚባለው ሥራ የተጀመረው እንዲህ ነው። ቁመቱ 4 ሜትር፣ ርዝመቱ 840 ሜትር ያህል ነው፤ ስምንት የእግር ኳስ ሜዳ ጫፍ ለጫፍ ቢደረደር ማለት ነው። የካሊፎርኒያን ታሪክ ከቅድመ ታሪክ እንስሳት ጀምሮ እስከ 1950ዎቹ ይተርካል፤ የሚተርከው ግን የትምህርት ቤት መጽሐፍ በዘለላቸው ሰዎች በኩል ነው። በአምስት በጋ፣ ማለትም በ1976፣ 1978፣ 1980፣ 1981 እና 1983፣ ከ400 በላይ ወጣቶች ሣሉት። አብዛኞቹ ከዚያ በፊት ብሩሽ ይዘው አያውቁም።

ታዲያ እንዴት አንድ ሥዕል ሆነ? ይህ ምዕራፍ የሚያጠነጥነው በዚህ ጥያቄ ላይ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። ተረቱ ለግድግዳ ሥዕል ግማሹን ብቻ ነው የሚናገረው፤ ሎሚውን ማን እንደሚያከፋፍል አይነግረንም። እንዲያውም በቡድን የሚሣል ግድግዳ የሚበላሸው ሰው ሲያንስ አይደለም። ማን ምን እንደሚወስን ሳይታወቅ ብሩሽ ሲታደል ነው።

በዚያችው ከተማ አርባ ዓመት ቀደም ብሎ የሆነ ሌላ ታሪክ አለ። በ1932 የሜክሲኮው ዳቪድ አልፋሮ ሲኬይሮስ በኦልቬራ ጎዳና አንድ ሕንፃ ላይ “አሜሪካ ትሮፒካል” የተባለውን ግድግዳ ሣለ። ሃያ ገደማ ሠዓሊዎች አብረውት ሠርተዋል፤ ጫካውን፣ የፈራረሰውን ቤተ መቅደስ፣ የተጠማዘዙትን ዛፎች። መካከሉ ግን እስከ መጨረሻው ባዶ ነበር። ሥዕሉ ሊመረቅ አንድ ሌሊት ሲቀረው ሲኬይሮስ ብቻውን ወጥቶ በመስቀል ላይ የተሰቀለ የአገሬው ተወላጅ ሣለበት፤ ከበላዩም ንስር አሳረፈ። ጠዋት የመጣው ሰው ደነገጠ። ከመንገድ የሚታየው ክፍል ብዙም ሳይቆይ በነጭ ቀለም ተሸፈነ፤ በኋላም የቀረው ተከተለው። ሥዕሉ ታክሞ እንደገና ለሕዝብ የተከፈተው በ2012 ነው።

ያን ሌሊት ሲኬይሮስ ያደረገውን ድፍረት አደንቃለሁ። እንደ ቡድን መሪ ግን አልከተለውም። ሃያ ሰው ቅጠል ሲሥል ከርሞ የሥዕሉን ልብ በምረቃው ቀን ከተመልካቹ ጋር እኩል ካየው፣ ያ ሰው ተባባሪ ሳይሆን የቀን ሠራተኛ ነበር ማለት ነው።

የባካ አጀማመር የተለየ ነበር። በ1970 በከተማው የመናፈሻዎች መሥሪያ ቤት ተቀጥራ ስትሠራ በቦይል ሃይትስ ሰፈር እርስ በርስ የሚጋጩ የአራት ቡድን ልጆች አሰባሰበች። ሃያ ነበሩ። በሆለንቤክ መናፈሻ በሚገኘው የሙዚቃ መድረክ ጉልላት ላይ እጆቿን ዘርግታ የምትቀበል አያት ሣሉ። ለምን አያት? አራቱም ወገን የማይጣላባት እሷ ብቻ ስለነበረች ይመስለኛል። ልብ በሉ፣ ልጆቹ በአንድ ነገር የተስማሙት ብሩሽ ከመያዛቸው በፊት ነው። ሰፈርተኛው በኋላ ከሥዕሉ ሥር ሻማ ያበራ ነበር።

ወደ ቦዩ እንመለስ። እኛ ጃንጥላ በምንይዝባቸው ወራት እዚያ በጋ ነው፤ ቦዩ ውስጥ ወርዶ መሥራት የሚቻለውም ያኔ ብቻ ነው። በ1976 በወጣት ጥፋተኞች የፍትሕ ሥርዓት በኩል የተላኩ 80 ልጆች ወረዱ። ከእነሱ ጋር አሥር ሠዓሊዎችና አምስት የታሪክ ባለሙያዎች ነበሩ። ልጆቹ እየተከፈላቸው ነው የሠሩት። በዚያ በጋ 305 ሜትር ተሣለ። ሒሳቡን ብታሰሉት ለእያንዳንዱ ልጅ 15 ካሬ ሜትር ገደማ ይደርሰዋል፤ የአንድ ሳሎን ትልቁን ግድግዳ ማለት ነው።

አሥሩ ሠዓሊዎች ግድግዳውን ተከፋፈሉት። እያንዳንዱ የራሱን ክፍል ነደፈ፣ የራሱን ልጆች መራ። ፍትሐዊ ነው፤ ማንም ቢሆን መጀመሪያ የሚያስበው ይኸንኑ ነው። ውጤቱ ግን ጎን ለጎን የተሰቀሉ ሥዕሎች ሆነ። አንዱ ክፍል ሰውን ግዙፍ አድርጎ ሲያቀርብ ቀጣዩ ያሳንሰዋል፤ አንዱ ጋ ያለው ሰማይ ሌላው ጋ ሲደርስ ይቋረጣል። ባካ ይህን አይታ ወደ ሜክሲኮ፣ ወደ ኩዌርናቫካ ሄደች፤ በ1974 ያረፈው ሲኬይሮስ ትቶት ወደሄደው ወርክሾፕ። እዚያ የተማረችው ረጅም ግድግዳን እንዴት በምጣኔ እንደሚከፋፍሉትና ተመልካቹ ቆሞ ሳይሆን እየተራመደ እንደሚያይ አስቦ መንደፍን ነው። አያቷን ከሣሉት ልጆች ጋር ስትሠራ ከሲኬይሮስ የተለየ መንገድ የሄደችው ባካ የእሱን ጥበብ ፍለጋ መሄዷ ትንሽ ያስገርማል። ከአንድ ሰው ጥበቡን ወስዶ ጠባዩን መተው ይቻላል ማለት ነው።

በ1978 ስትመለስ አሠራሩ ተቀየረ። ንድፉን ወደ አንድ እጅ፣ ወደ ራሷ አመጣችው። በየበጋው የሚሣለው ርዝመት ከመጀመሪያው በእጅጉ አነሰ፤ ታሪኩም እየዘለለ ሳይሆን አሥር ዓመት በአሥር ዓመት እየተከተለ ይሄድ ጀመር።

እዚህ ላይ አንባቢ “ንድፉን አንድ ሰው ከያዘው ትብብሩ የት አለ?” ሊል ይችላል። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ እኔም ለረጅም ጊዜ በዚህ ተታልያለሁ። መልሱ የሚገኘው ከንድፉ በፊት ባለው ሥራ ላይ ነው። የታሪክ ባለሙያዎቹ ማስረጃ ያመጣሉ። ነገሩ የደረሰባቸው ሰዎች ተጠርተው ይናገራሉ። ልጆቹ ይሰማሉ፣ ይጠይቃሉ፣ የራሳቸውን ቤተሰብ ታሪክ ይጨምራሉ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወደ ማጎሪያ ካምፕ የተወሰዱት ጃፓናውያን አሜሪካውያን በግድግዳው ላይ አሉ። አውራ ጎዳና ሲገነባ ሰፈራቸው የተሰነጠቀባቸው ሜክሲካውያን ቤተሰቦችም አሉ፤ መንገዱ እንደ እባብ ተጠምጥሞ አባልን ከአባል ሲለያይ፣ ከበላያቸው የቤዝቦል ስታዲየሙ እንደ በራሪ ሳህን ሲያርፍ ይታያል። ይህን ምስል አንድ ሰው ቢነድፈውም ብቻውን ቁጭ ብሎ ያመጣው አይደለም።

ስለዚህ የምከተለው ደንብ ይህ ነው፦ የማን ታሪክ ይሣል የሚለው ክፍት ክርክር ነው፤ ሳምንታትም ይውሰድ። መስመሩ ግድግዳ ላይ ከወጣ በኋላ ግን ክርክር የለም። መሰላል ላይ ቆሞ “እኔ እኮ ፈረሱ ወደ ግራ ቢዞር ይሻላል እላለሁ” የሚል ሰው ሃሳቡ ጥሩ ሊሆን ይችላል። ሰዓቱ ግን አልፏል።

አሁን ወደ እጅ ሥራው እንግባ፤ ብዙ ሰው ቸኩሎ የሚያልፈው እሱን ነውና።

የቦዩ ግድግዳ መጀመሪያ ይጸዳል። በአሸዋ ግፊት ይፋቃል፣ ይታጠባል፣ እርጥበት እንዳያስገባ ይደፈናል፣ ከዚያ ነጭ መሠረት ይቀባል። ይህ ሁሉ ሲሆን ሥዕል የሚባል ነገር አይታይም፤ ልጆቹም ይሰለቻሉ። ቀጥሎ መስመር ነው። ግንበኛ የሚያደርገውን አስቡ፦ ሲባጎውን የጠመኔ ዱቄት ያስነካዋል፣ ከጫፍ ጫፍ ይወጥረዋል፣ መሐሉን ይዞ ይለቀዋል፤ ቀጥ ያለ መስመር ግድግዳው ላይ ይታተማል። አግድም በውሃ ልክ፣ ቁልቁል በቱምቢ እየተባለ ግድግዳው በሙሉ በካሬ ይሸነሸናል። ወረቀት ላይ ያለው ትንሽ ንድፍም ያንኑ ያህል ካሬ አለው። ወረቀቱ ላይ 5 ሳንቲ ሜትር የሆነው ካሬ ግድግዳው ላይ 50 ሳንቲ ሜትር ነው እንበል። እያንዳንዱ ቁጥር አለው።

እስቲ አንዲት የ16 ዓመት ልጅ እናስብ። ሥዕል አልችልም ትላለች። የተሰጣት ካሬ የአንዲት ሴት አገጭ ነው፤ እሷ ግን አገጭ መሆኑን አታውቅም፣ ማወቅም የለባትም። ወረቀቱን ታያለች፦ መስመሩ በካሬው ግራ ጎን ከላይ ሲሦው ላይ ይገባል፣ ታችኛውን ጎን መሐል ላይ አቋርጦ ይወጣል። ግድግዳው ላይ በነዚያ ሁለት ቦታዎች ነጥብ ታደርጋለች። ሁለቱን ታገናኛለች፤ መስመሩ ወደ ታች ለጠጥ ይበል ወይስ ቀጥ ይበል ወረቀቱን እያየች ታርማለች። ጎረቤቷ ያለው ልጅ መስመሩ ከእሷ ካሬ በወጣበት ነጥብ ይቀበላታል። ካልገጠመ አንዳቸው ተሳስተዋል፤ መሪ ሳይጠሩ ሁለቱ ወረቀታቸውን አስተያይተው ይጨርሱታል። ትብብር ሲባል የሚታየኝ ይህ ነው፤ ሁለት ልጆች በአንድ ነጥብ ላይ ሲነጋገሩ። ማታ መሰላሉ ተነስቶ ማዶ ተሻግረው ሲያዩ አገጩ ፊት ሆኖ ይጠብቃቸዋል።

የባካ ቡድን ንድፉን በሰማያዊ ያሰምር ነበር፤ ሥራውንም በዚያው ስም ይጠሩታል። ከዚያ በላይ በስሱ ሐምራዊ ቀይ ይለብሳል። ይህ ለብዙ እጅ ትልቅ ዘዴ ነው። ከሥር ያለው አንድ ዓይነት ሙቀት በየቀለሙ መሐል ብቅ ስለሚል የብዙ ሰው ቅብ ከአንድ ቤት እንደወጣ ያስመስለዋል። በመጨረሻም እውነተኛው ቀለም፣ ከዚያ መጠበቂያው ቅብ።

ቀለም ላይ አንድ ሰው ይሾም። ይህን የምለው ዋጋ ከፍዬበት ነው። ከዓመታት በፊት አዲስ አበባ አንድ ትምህርት ቤት አጥር ላይ አሥራ አንድ ጓደኛሞች ሥዕል ልንሠራ ተስማምተን አስተባባሪው እኔ ነበርኩ። ሁላችንም ሠዓሊ ነን፤ ቀለም መበጥበጥ ማን ይነግረናል! ሰማዩን አራት ሰው በአራት ጣሳ በጠበጠው። እርጥብ ሳለ ይመሳሰል ነበር። በማግስቱ ጠዋት ስንመጣ አጥሩ ላይ አራት ሰማይ አለ፤ የዘበኛው ልጅ “የትኛው ነው የሚዘንበው?” ብሎ ጠየቀኝ። ጥፋቱ የኔ ነው። አክሬሊክ ቀለም ሲደርቅ ጠቆር እንደሚል አውቅ ነበር፤ ለአራት ሰው አልነገርኩም እንጂ። ሁለት ቀን ሙሉ ሰማይ ስንደግም ዋልን።

ከዚያ ወዲህ አሠራሬ ይህ ነው። ቀለም አንድ ሰው ይበጠብጣል፤ ለሚቀባው ስፋት ከሚበቃው አትርፎ በባልዲ። ክዳኑ ላይ ያንኑ ቀለም ቀብቶ ያደርቀዋል፣ ቁጥር ይጽፍበታል። ቁጥሩ ንድፉ ላይ ካለው ቁጥር ጋር ይገጥማል። ቀቢው የሚጠይቀው “ሰማያዊ ስጠኝ” ብሎ ሳይሆን “14ን ስጠኝ” ብሎ ነው። ሰማያዊ ብዙ ነው፤ 14 ግን አንድ ነው።

ይህን የቁጥር ዘዴ በሰፊው የሠሩበት የፊላዴልፊያ ሰዎች ናቸው። በ1984 የከተማው ፀረ ግራፊቲ ዘመቻ ጄን ጎልደን የምትባል ሠዓሊ ቀጥሮ ግድግዳ ላይ ስም ከሚጽፉ ወጣቶች ጋር ሥዕል እንድትሠራ አደረገ፤ ያ ጅምር አድጎ ዛሬ በሺዎች የሚቆጠር ግድግዳ ሥሏል። እዚያ የሚጠቀሙበት ስስ ጨርቅ አለ። ሜትር ተኩል በሜትር ተኩል ተቆርጦ፣ ንድፍና ቁጥር ወጥቶበት ትምህርት ቤትም እስር ቤትም ይላካል። መሰላል መውጣት የማይችል ሽማግሌ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ይቀባዋል። ተሰብስቦ ሲመጣ ግድግዳው ላይ በማጣበቂያ ይለጠፋል።

ጨርቅ መለጠፍ ሲባል ጎንደርን ያየ አንባቢ ፈገግ ይላል። የደብረ ብርሃን ሥላሴ ሥዕሎችም ያሉት በግድግዳው ላይ በተለጠፈ ጨርቅ ላይ ነው። ያገራችን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል በቡድን መሥራትንም አያውቅም አይባልም፤ ሊቁ መስመሩን ያወጣል፣ ደቀ መዝሙሩ ልብሱን ቀለም ይሞላል፣ ሲበስል ወደ እጅና እግር፣ በመጨረሻ ወደ ፊት ያልፋል። ልዩነቱ እዚያ የሚሣለው ታሪክ አስቀድሞ የታወቀ መሆኑ ነው። ቅዱስ ጊዮርጊስ ፈረሱ ነጭ ነው፤ ድምፅ አይሰጥበትም። የባካ ልጆች ግን ማን ይሣል የሚለውን ራሱን መፈለግ ነበረባቸው።

ደረጃውን ግን ከሊቁ ልንማረው ይገባል። ሰፊ ሰማይና መሬት ለማንም ይሰጣል። የልብስ እጥፋት ለለመደ፣ ፊት ለሠለጠነ። ይህ ማበላለጥ አይደለም፤ ተመልካች ሰማይ ላይ ያለን ስህተት ይምራል፣ ዓይን ላይ ያለውን አይምርም። ችግር የሚፈጥረው ጀማሪው ሳይሆን ጎበዙ ሠዓሊ ነው። የራሱን እጅ ስለሚወድ የሰጡትን ፊት የእሱ ሥዕል ያደርገዋል፤ ከሌሎቹ መሐልም ፎቶ እንደተለጠፈ ይለያል። መድኃኒቱ ቦታ ማቀያየር ነው። ማክሰኞ የጀመረውን ሌላው ረቡዕ ይጨርሰው። ይከፋዋል፤ ይከፋው።

መሪው ራሱስ የት ነው የሚቆመው? ማዶ። አፍንጫውን ግድግዳ ላይ ደግኖ የሚቀባ መሪ የሚያየው የራሱን ካሬ ነው። ቦዩ ይህን በግድ ያስተምራል፤ ሥዕሉ የተሠራው ከወዲያኛው ዳር እየተራመደ ለሚያይ ሰው ስለሆነ ከሥሩ ሆኖ ሊገመገም አይችልም። በቀን ሦስት ጊዜ ማዶ መሻገር፣ ሁሉንም ይዞ መሻገር። ጠዋት ከሥራ በፊት፣ እኩለ ቀን ፀሐዩ ቀለሙን ብሩሽ ላይ ሲያደርቀው፣ እና ማታ። በኔ ልምድ ጭቅጭቅ ቶሎ የሚበርደው ማዶ ላይ ነው። ሰው ከሩቅ ሲያይ የጓደኛውን ስህተት ብቻ ሳይሆን የራሱንም ያያል።

ታላቁ ግድግዳ በ2011 እድሳት ተደርጎለታል፤ በ2017 በአሜሪካ ብሔራዊ የታሪካዊ ቦታዎች መዝገብ ውስጥ ገብቷል። አልቋል ግን አይባልም። በ2021 ከሜሎን ፋውንዴሽን 5 ሚሊዮን ዶላር ተገኝቶ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ያለው ታሪክ እየተሣለ ነው፤ የተወሰነው ክፍል በከተማው ትልቅ ሙዚየም አዳራሽ ውስጥ ጎብኚ እያየ ተሠርቷል።

ሎስ አንጀለስ ያላችሁ አንባቢዎች ከፌርፋክሱ የሐበሻ ሰፈር ተነስታችሁ ወደ ሰሜን ተራራውን ተሻገሩ። ኮልድዋተር ካንየን ጎዳና ላይ፣ በበርባንክና በኦክስናርድ መካከል ነው፤ አይከፈልበትም። ወደ መጨረሻው ዊልማ ሩዶልፍን ታገኛላችሁ፤ አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ በሮጠበት በ1960ው የሮም ኦሊምፒክ ሦስት ወርቅ የወሰደችውን። እሷ ጋ ለመድረስ ግን አትቸኩሉ። ከ1976ቱ ክፍል ጀምራችሁ በማዶኛው ዳር በእግር ሂዱ፤ የአሥሩ ሠዓሊ እጅ አልቆ የአንድ ግድግዳ ሥዕል የሚጀምርበትን ቦታ ማንም ሳይነግራችሁ ታውቁታላችሁ።